ለወግዲው ወንድማችን፦ እህትህን ብቻዋን አትተዋት፣ እውነቱንም አትደብቃት

ወንድሜ፣ ፈጣሪ ልጁን ይማርላችሁ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሁለት ዓመት የእህትህ ልጅ በሳንባ ምችና በከባድ የምግብ እጥረት ታሞ ከወግዲ ወደ ደሴ ተልኳል። አባቱ አረብ አገር ነው። ጥበቃው ከአንድ አስታማሚ በላይ ስለማያስገባ እህትህ ቀንም ሌሊትም ብቻዋን ናት። ሐኪሙ አንተን ለብቻህ ጠርቶ «ሁኔታው ከባድ ነው» ብሎሃል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ለእሷ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች» ይሉሃል። «ልንገራት ወይስ ልደብቃት? ውጭ ከመቆም ሌላ የእኛ የቤተሰቦቹ ሥራስ ምንድን ነው?» ብለሃል።

በወሎ ሆስፒታሎች የሕጻናት ክፍል ውስጥ በነርስነት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ፤ የምነግርህም እዚያ ያየሁትን ነው። ንገራት። ዛሬውኑ ንገራት።

ሌሊቱን ልጁን ማን እንደሚጠብቀው አስብ። ተረኛዋ ነርስ ብዙ አልጋ ይዛ ነው የምታድረው። እንዲህ የተጎዳ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ወተት ነው፤ በክብደቱ ተለክቶ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይጠጣል። ሌሊት ወተቱ ከተዘለለ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል፤ እነዚህን ልጆች ከሚነጥቁን ነገሮች ዋነኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። ነገሩ የተነገራት እናት ልጇን ቀስቅሳ ታጠጣዋለች፣ ገላዋ ላይ ለጥፋ በጋቢ ትሸፍነዋለች። ያልተነገራት እናት «ደክሞት ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው» ብላ በርኅራኄ ታሳልፈዋለች። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። እናቲቱ እንዳትደነግጥ ተብሎ ከልጁ ላይ የሚቀነስ ነገር አለ።

ደግሞም ታውቃለች። ልጅ ታቅፋ የምታድር ሴት የሰው ፊት ታነባለች። አንተ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተህ ዓይንህን ስትሰብርባት ያልተነገራትን ሁሉ የከፋ አድርጋ ጨርሳዋለች። ከእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለወንዱ ነው የሚነገረው፤ ልማዱ ከደግነት የመጣ መሆኑን አልክድም። በሆስፒታል ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

አነጋገሩ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ኮሪደር ላይ ቆመህ ብቻህን አትንገራት። ሐኪሙን ወይም የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ግርግሩ ጋብ በሚልበት ሰዓት ለምናቸው፤ ተቀምጠው ለእሷ ራሷ ይንገሯት፣ አንተ አጠገቧ ሁን። ካስረዷት በኋላ የገባትን በራሷ አፍ መልሳ ትንገራቸው፤ ያልገባት ነገር የሚታወቀው ያኔ ነው። አባቱም እዚያው በስልክ ይስማ፣ ሐኪሙን አስፈቅዳችሁ። እሱ በሩቅ ሆኖ ከሦስት ዘመድ ሦስት ዓይነት ወሬ ከሚሰማ አንዱን እውነት ከሐኪሙ ከራሱ ቢሰማ ይሻለዋል። ልጁ ላይ ምን ስታይ ነርስ እንደምትጠራም ይንገሯት፦ አተነፋፈሱ ከፈጠነ (በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው)፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ እግሩ ካበጠ፣ ወተቱን እምቢ ካለ፣ ወይም ሲጠሩት ከፈዘዘ። መቁጠር ባትችል እንኳ ከትናንት የተለየውን ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት።

ስለ አንድ አስታማሚ ደንብ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር በሽታ ይተላለፋል። ነገር ግን አንድ አስታማሚ ማለት ሁልጊዜ አንዷ ያችው ሴት ማለት አይደለም። የክፍሉን ኃላፊ ነርስ በስማችሁ ተዋወቋት፤ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት አክስትየው ወይም አያትየው እንዲተኳት ጠይቁ። በዚያ ሰዓት እህትህ ትውጣ፣ ትታጠብ፣ ትኩስ ነገር ትብላ፣ ጋደም ትበል። እንቅልፍ ያጣች እናት ወተት ትደፋለች፣ ሰዓት ትስታለች፣ ትቆጣለችም። የምታጠባ ከሆነ ደግሞ ጡቷን ከወተቱ በፊት ስለሚወስድ የእሷ መብላት የእሱ ሕክምና ነው። አጥሚቱንና እንጀራውን ለእሷ አምጡ። ለልጁ ግን ከሐኪሙ ትእዛዝ ውጪ ምንም አታቅምሱት። ከወግዲ ድረስ የመጣች አያት በፍቅር ገንፎ ልታጎርሰው ትፈልጋለች፤ ያ የተጎዳ ሰውነት ግን መጀመሪያ ላይ ብዙ ምግብ ሲገባበት ልቡ አይችለውም። ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው።

ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ እናቶችን ያስወጣሉ ያልከው አልገረመኝም። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታልም እንደዚያ ነበር። ሐኪሙ «ሌሊት ጠጣ? አስመለሰው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ወረቀት እናገላብጣለን፣ መልሱን የምታውቀው ሴት ከበር ውጭ ቆማለች። በኋላ አንድ የሕጻናት ሐኪም መጥተው እናቶቹ አልጋው አጠገብ ይቁሙ አሉ። ዙሩ ትንሽ ረዘመ፤ ከሰዓት በኋላ ግን «ዶክተሩ ምን አለ?» እያለች በየኮሪደሩ የምትከተለን እናት አጣን፣ ሥራችን ቀለለ። እህትህ በትሕትና ትጠይቅ፦ «ስለ ልጄ ሲነገር ልቁም፣ ሌሊቱን እኔ ነኝ የማውቀው» ትበል። ካልፈቀዱላት ከዙሩ በኋላ የሚያስረዳት አንድ ሰው እንዲመድቡላት አንተ ጠይቅ።

ወላጅን ከልጁ መለየት የሠለጠነ አሠራር የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅ። እንግሊዝ አገር በአንድ ወቅት ሆስፒታል የተኛን ሕጻን ወላጆቹ የሚያዩት በጣት በሚቆጠር ሰዓት ነበር፤ «ሲያያቸው ያለቅሳል» ይባል ነበር። ልጆቹ እንዴት እንደሚጎዱ እየታየ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1959 ፕላት ሪፖርት በሚባለው ሰነድ ወላጆች ያለ ሰዓት ገደብ እንዲገቡ ተመከረ። እኛ ጋ እናት ድሮም አልጋው ሥር ናት። የጎደለው ለእሷ ወንበር፣ መታጠቢያና ማብራሪያ መስጠት ነው።

ልጁ ነርስ ባየ ቁጥር ይጮኻል ብለሃል። አደራህን፣ «ዝም ካላልክ መርፌ ትወጋሃለች» የሚለውን ማስፈራሪያ ከቤተሰቡ አፍ አጥፉ። «አያምም» ብላችሁም አትዋሹት። መርፌ ሲወጋ ወይም ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ሲደረግለት እናቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደረቷ ላይ ትቀፈው፣ ነርሷ እጁን ብቻ ትያዝ፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ በአራት ሰው ከሚያዝ በእጅጉ ይሻላል። ጨዋታም መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ የምግብ እጥረት ካስቀመጣቸው 10 የሕክምና ደረጃዎች ዘጠነኛው ልጁን ማጫወትና በፍቅር ማነቃቃት ነው። ንጹሕ የፕላስቲክ ክዳን በክር ሰክታችሁ ስጡት፣ ዝፈኑለት፣ በስሙ ጥሩት። ፈገግ ማለት የጀመረ ቀን ለእኛ ለነርሶች ትልቅ ምልክት ነበር።

ከመምጣታችሁ በፊት የሀገር መድኃኒት አጠጥታችሁት፣ እንጥሉን አስቆርጣችሁት ከሆነ አትደብቁ። ነርሷ ብትቆጣም ንገሯት። (ለሙያ ባልደረቦቼም እግረ መንገዴን፦ የምትቆጣ ነርስ እውነተኛ ታሪክ አታገኝም።) ጸበሉንም ዱአውንም ማንም አይከለክላችሁም፤ የሚዋጥ ነገር ሲሆን ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። እህትህ አልጋ አጠገብ ከባቲ ወይም ከአፋር የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ እናት ካለችም ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ፈልጉላት። የክፍሉ እናቶች «አብሽሪ» እየተባባሉ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ የሁለቱንም ልጅ እያየች ነው የሚዘልቁት። ያን ጉርብትና እህትህ ካገኘች ግማሽ ሸክሟ ወረደ።

አሁን ወደ ቤት። የእህትህ የአራት ዓመቷ ልጅ አያቷ ዘንድ ናት ብለሃል። እሷንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዷን ትለካት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የመለኪያው ጥብጣብ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ከባድ እጥረት ነው፤ ከዚያ እስከ 12 ነጥብ 5 ድረስ ደግሞ መካከለኛ። አንድ ልጅ በዚህ በሽታ ሲተኛ ወንድምና እህቱ ሳይታዩ መቅረት የለባቸውም። ልጅቷም በስልክ የእናቷን ድምፅ ትስማ፤ ተረስቻለሁ ብላ እንዳታስብ። ከብቱንና ማሳውን ቅሬው (እድሩ) ይያዝላችሁ፤ ቅሬ ለለቅሶ ብቻ አይደለም፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ያወጣ የነበረውም እሱ ነው። የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩና የሪፈር ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ በእኛው ወሎ በተሁለደሬ ወረዳ ጭምር በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ መድን የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቆ ለመጣ ነው በአግባቡ የሚሠራው።

ልጁ ሲሻለው ኤፍ 100 ወደሚባለው ጠንከር ያለ ወተት ወይም ፕለምፒ ነት ወደሚባለው የታሸገ የለውዝ ምግብ ይሸጋገራል፣ ከዚያም የመውጫ ቀን ይነገራችኋል። ያን ቀን ትምህርቱን እህትህ ብቻ አትስማ። ቤት ውስጥ እሷ ውኃ ስትቀዳ ልጁን የምትመግበው አያትየው ከሆነች አያትየውም ትምጣና ትስማ። ፕለምፒ ነቱ የእሱ መድኃኒት ስለሆነ ለሌሎች ልጆች አይከፋፈልም፤ ይህን ለአያት ማስረዳት ቀላል አይደለምና ነርሷ ራሷ ትንገራት። ክትትሉ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚቀጥል፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ በመካከሉ ሳል ወይም ትኩሳት ቢመለስበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ የት እንደሚወስዱት በመውጫ ወረቀቱ ላይ አስጽፋችሁ ውጡ።