ምድጃውን አታስፈርሺ፣ መጀመሪያ እንጨቱን እዪው

እህቴ፣ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የገዛችሁት ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ አለ፤ በለኮሳችሁት ቁጥር ጭሱ ወደ ቤት እየተመለሰ አስቸግሯችኋል፤ ባለቤትሽም «አፍርሰን ቲቪ እንስቀልበት» ብሏል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። እኔ እንዲህ ዓይነት ምድጃ ይዤ ስምንት ክረምት አሳልፌያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምቶች ያሳለፍኩት ዓይኔን እያሸሁ ነው።

«ባሕር ዳር ደግሞ ምድጃ ምን ይሠራል» የሚል አይጠፋም። አማቴም ስቀውብኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ፣ ልብስ አልደርቅ ሲል ግን ሳቁ ቀረ። የጥር ሌሊት ብርድም ቀላል አይደለም፤ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አሁን ምድጃው አጠገብ ያለችውን ወንበር አማቴ ለማንም አይለቁም።

ምን እንደምታነዱ አልጻፍሽም። ልገምት፦ ባሕር ዛፍ፣ ከመራዊ በኩል መጥቶ በሳምንቱ የተሸጠ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ይልሻል። ላዩ እውነትም ደረቅ ነው። እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አንዱን ፍልጥ ሳየው፣ በጫፉ በኩል ውሃ አረፋ እየደፈቀ ይንጫጫል። ጭስሽ ከዚያ ነው። እሳቱ ጉልበቱን ውሃ ሲያተን ይጨርሳል፣ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል። ጥቀርሻውም ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ያ ሬንጅ አንድ ቀን ራሱ እሳት ይይዛል፣ እንዳትንቂው።

እኔ እንጨት የምገዛው ኅዳር ላይ ነው። አስፈልጬ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጌ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጣራ ሥር እደረድረዋለሁ። የማነደው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጪ፤ «ቋ» ካለ ደርቋል፣ «ድብ» ካለ ገና ነው።

እንጨቱ ደርቆም ከጨሰ መስኮቱን እዪው። የዛሬ ቤት በአሉሚኒየም ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። በጭስ ማውጫው የሚወጣው አየር ምትክ ካላገኘ ጭሱ ወደ እናንተ ይመለሳል። ለምድጃው የሚቀርበውን መስኮት ጣት የሚያስገባ ያህል ክፈቱት። ስትለኩሱም መጀመሪያ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አንድዱና ወደ ጭስ ማውጫው አንገት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። እዚያ የተኛው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውታፍ ነው፤ ሲሞቅ ይነሳል። ከዚያ ጭራሮ፣ ከዚያ ቀጫጭን ፍልጥ። ደረቅ ደንገልም ሞክሬ ነበር፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል፣ ብናኙ ይበርራል፣ አልወደድኩትም።

የእኔ ዋናው ጣጣ ግን ልኩ ነበር። የምድጃው አፍ 100 በ80 ሳንቲሜትር፣ የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ግን 24 በ24። ቀዳዳው በስፋት ከአፉ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት፤ የእኔ አንድ አሥራ አራተኛ ገደማ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በአፉ ከላይ በኩል 20 ሳንቲሜትር ያህል ላሜራ ያዝኩበት። ጭሱ ወዲያው ቀጥ ብሎ ወጣ! ላሜራውን እዚያው አስበየድኩት። ጣራ ላይም ውጪ፤ የጭስ ማውጫው ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ሊበልጥ ይገባል። የእኔ ከሮቶው አንሶ ነበር፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሮቶውን መትቶ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰው ነበር።

የሠራልኝ ግንበኛ ውስጡን በወንዝ ድንጋይና በሲሚንቶ ነው የለበጠው። አንድ ማታ ድንጋዩ እንደ ጥይት ጮኸና ስባሪው ምንጣፉ ላይ አረፈ። ድንጋይ ውስጥ የገባ ውሃ ሲግል ያፈነዳዋል፤ ሲሚንቶም ከእሳት ጋር አይስማማም። አፍርሼ እሳት በሚችል ጡብና በሸክላ ጭቃ አስለበጥኩት። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ሥራ ፈቶ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ትንሽ ብቻ አንድዱ።

ጥቀርሻውን በዓመት አንዴ፣ መስከረም ላይ አስጠርጊ። የወፍ ጎጆ እንዳይሠራበት አናቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ይሁንበት። አመዱን በብረት ባልዲ፣ ክዳን ያለው። ውስጡ የተዳፈነ ፍም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የጎረቤቴን የፕላስቲክ ቅርጫት አቅልጧል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብላችሁ ፍሙ ሳያልቅ የጭስ ማውጫውን ክዳን እንዳትዘጉ። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። ከሰልም በዝግ ክፍል ውስጥ ያው ነው። ራስ ምታት ከጀመራችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

አሁን የአፉንና የቀዳዳውን ስፋት ለክተሽ ጻፊልኝ። ጣራው ላይ ማን እንደሚወጣ ከባለቤትሽ ጋር ተስማሙ።