ከቢሮ ወደ አራስ ቤት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከነፍሰ ጡር ሠራተኞችና ከቤተሰቦቻቸው ናቸው። ጥቂቶቹን መርጬ መልሻለሁ።

«የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ነው። ዘንድሮ የደረጃ ዕድገት እጠብቃለሁ፤ ከተናገርኩ ያልፈኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ደግሞ "የሰው ዓይን አለ፣ ሆድሽ እስኪገፋ ዝም በይ" ትለኛለች። መቼ ልናገር?» (ሂሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የእናትሽን ስጋት አልንቅም። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስጸንስ እስከ ሰባት ወር በሰፊ ሹራብ ደብቄ ነበር። ለምርመራ በሄድኩ ቁጥር ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቆረጥኩ። ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የማይቆረጥበት ፈቃድ እንዳለኝ ያወቅሁት ከወለድኩ በኋላ ነው። ያ የጨረስኩት ፈቃድ አራስ ሳለሁ ምን ያህል በጠቀመኝ!

ስለዚህ አሁኑኑ ተናገሪ። በቃል ብቻ አትተዪው፤ ደብዳቤ ጽፈሽ፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዘሽ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። ምጡ ከታሰበው ቀን ቢዘገይ እስክትወልጂ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ፤ ቢቀድም ደግሞ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማዘዝ ክልክል ነው። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ በእርግዝናሽ ወይም በመውለድሽ ምክንያት ከሥራ ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። ይህ ሁሉ መብት ግን አሠሪሽ ሳያውቅ እንዴት ይጠቅምሻል?

የዕድገቱን ነገር አትተዪው። ማመልከቻሽን እንደ ማንኛውም ተወዳዳሪ በጽሑፍ አስገቢ፤ ከተከለከልሽም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። በእጅሽ ያሉትን ሥራዎች፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ክፍያ መቼ እንደሚደርስ ከወዲሁ በአንድ ደብተር አስፍሪ። የበጀት መዝጊያው ከመውለጃሽ ጋር ቢገጥም አራስ ቤት ድረስ ስልክ የሚደወልልሽ ያ ደብተር ከሌለ ነው። (የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የራሳችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።)

«የደም ዓይነቴ ኦ ኔጌቲቭ ነው ተባልኩ። ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። አማቴ ሰምተው "ሾተላይ ነው" ብለው ደነገጡ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።» (የባንክ ሠራተኛ፣ ደሴ)

አማትሽ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። በእሳቸው ዘመን ሾተላይ ማለት እናት ልጅ እየወለደች የምትቀብርበት ስሙ እንኳን የሚያስፈራ ነገር ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትጸንስ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ፣ የልጁ ደም ከደሟ ጋር ይነካካል። ሰውነቷም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያንን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ያበጃል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ በደህና ይወለዳል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። ለዚህ ነው «የመጀመሪያው ጤነኛ ነበር» ብለው የሚዘናጉት።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ውርጃ ወይም በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስ ቢያጋጥምም ያስፈልጋል። በየፋርማሲው አይገኝም፤ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። ስለዚህ የት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ባለቤትሽ ከአሁኑ ያጣራ፤ ገንዘቡም ለብቻው ይቀመጥ። ቀድሞ ያስጨነገፍሽው ጽንስ ካለ ለሐኪምሽ አትደብቂ። አማትሽንም ለምርመራ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ይረጋጋሉ።

«ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። እኔ ያለኝ ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ነው። ምን ልሥራበት?» (መሐንዲስ፣ አዳማ)

ወንድሜ፣ 3 ቀኑ ሆስፒታል በር ላይ ያልቃል። ከላይ በጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለህ፤ እሱን አሁኑኑ አስመዝግብ። ግን ከወሊዱ ማግስት አታውጣው። መጀመሪያ ሳምንት ቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሚሉ ጠያቂዎች፣ በገንፎና በአጥሚት ይሞላል። ሚስትህ ብቻዋን የምትቀረው ጠያቂው ሲቀንስ ነው፤ ያን ጊዜ ቤት ሁን። ሌሊት ልጁን ከጡት ተቀብለህ አስገሳው፣ ጨርቁን ቀይር፣ እሷ ትተኛ።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንህ ጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ የብዙ አራሶች ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ልጇን ማየት ካስጠላት፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከወጣት ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዳት። ስንፍና ወይም ቅብጠት አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይታከማል።

«በቨርጂኒያ ነርስ ነኝ። እዚህ የወሊድ ፈቃድ አይከፈልም ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚሰጥሽ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ሥራሽ ግን ይጠበቅልሻል። ለዚህም በመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ 12 ወርና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት መሥራት አለብሽ፤ አሠሪሽም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖሩት ይገባል። ስለዚህ የአጭር ጊዜ የአካል ጉዳት መድን (መሥራት በማትችይበት ጊዜ ከደመወዝሽ ከፊሉን የሚተካ መድን) ካለሽ ውሉን አንብቢ፤ የዕቁብሽንም ዕጣ ከወሊዱ ወር ጋር አገጣጥሚው።

«ልጄ ቢሮ ስትመለስ የልጅ ልጄን የምይዘው እኔ ነኝ። ቅቤ አታልሺው፣ ውሃ አታቅምሺው አለችኝ። እኛ ያሳደግናችሁ እንዴት ነበር?» (አያት፣ ደብረ ብርሃን)

እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ልጅዎ በሰላም ሥራ መግባት አትችልም። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅዎን፣ አራሷን ማብላትዎን አይተዉ። ቅቤውንና ውሃውን ግን ይተዉልኝ፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባና ሊያሳምመው ይችላል። እንጥሉንም ማንም እንዳይነካው። የ45 ቀኑን ክትባት ደግሞ እርስዎ ያስታውሷት፤ እሷ በእንቅልፍ እጦት ልትረሳው ትችላለች።

«ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ልጄ ገና 3 ወሯ ነው። ጡቴን አልቤ ልተውላት? መብራትም ይጠፋል።» (አስተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ትችያለሽ። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ በየጠዋቱ ማለብ ተለማመጂ፤ መጀመሪያ ጥቂት ቢወጣ አትደንግጪ። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ቢጠፋ ፍሪጁን ማንም አይክፈተው፤ እንደተዘጋ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ዕቃውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ እንጂ እሳት ላይ መጣድ የለም፤ ጠጥታ ያስተረፈችውም ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ከጡጦ ይልቅ በትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይሻላል፤ ለማጠብም ይቀላል። ትምህርት ቤትሽ ቅርብ ከሆነ በምሳ ሰዓት ሄደሽ አጥቢያት፤ ለርዕሰ መምህሩም ከአሁኑ ንገሪና ከምሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ባዶ እንዲሆንልሽ ፕሮግራሙ ሳይወጣ ጠይቂ።