ሲክል ሴል ላለበት አዋቂ ሰው ትኩሳት ለምን ያሰጋል?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ስሆን የሲክል ሴል በሽታ አለብኝ። ሕፃን ሳለሁ በየቀኑ ፔኒሲሊን እወስድ ነበር፤ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ቆመ። በቅርቡ የተለመደው የአጥንት ሕመም ከትኩሳት ጋር ተነሣብኝና ፓራሲታሞል እየወሰድኩ ሁለት ቀን ቤት ቆይቼ ተሻለኝ። ሐኪሜ ግን ወዲያውኑ ባለመምጣቴ ተቆጣኝ። ይህን ያህል የሚያሰጋው ምንድን ነው? ፔኒሲሊኑንስ እንደገና ልጀምር?

መልስ፦ በዚህኛው ጊዜ ደኅና ሆነው በማለፍዎ ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ሐኪምዎ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣፊያ ደምን ከማጣራት ሥራው ጋር፣ ከስኳር የተሠራ ሽፋን ያላቸውን እንደ ኒሞኮከስና ሜኒንጎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎችን ከደም ውስጥ እየለቀመ የሚያስወግድ አካል ነው። በሲክል ሴል በሽታ ግን ማጭድ መሰል ቅርጽ የያዙት ቀይ የደም ሴሎች የጣፊያን ጥቃቅን የደም ሥሮች ደጋግመው ስለሚዘጉ፣ ኤስ ኤስ የተባለው የበሽታው ዓይነት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ገና በልጅነታቸው፣ ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና ሳይወጣ፣ አገልግሎቱን ያጣሉ። ከዚያ በኋላ እነዚህ ባክቴሪያዎች ደም ውስጥ ከገቡ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። አደጋው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል እንጂ በአዋቂነት አይጠፋም።

በአዋቂዎች ዘንድ ኢንፌክሽኑ ብዙ መልክ አለው። የሳንባ ምች፣ አጣዳፊ የደረት ሕመም የተባለውን፣ ሳንባን የሚያጠቃና ሕይወትን የሚያሰጋ የሲክል ሴል መዘዝ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የሽንት ቧንቧና የሐሞት ከረጢት ኢንፌክሽንም ያጋጥማል። አስቸጋሪው ግን አጥንት ነው። ደም ያጣ የአጥንት ክፍል ሳልሞኔላና ስታፊሎኮከስ ለተባሉ ባክቴሪያዎች ምቹ ማደጊያ ይሆናል፤ የሚያስከትለው ሕመምም ከተለመደው የሕመም ቀውስ፣ ማለትም የደም ሥሮች ሲዘጉ ከሚነሣው ብርቱ ሕመም፣ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራጅ ምስል እንኳ ሁለቱን ላይለያቸው ይችላል። በእርግጥ ከሁለቱ በብዛት የሚከሰተው ቀውሱ ነው። ሆኖም ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጸና፣ ቦታው ካበጠና ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ኢንፌክሽንን መጠርጠር ይገባል።

ስለዚህ የሰውነትዎ ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሙቀቱ ከዚህ በታች ቢሆንም እንኳ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ራስ ምታት ካለብዎት አይቆዩ። እዚያም ለደም ካልቸር (በደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለሚያሳይ ምርመራ) ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር ይጀመርልዎታል። ፓራሲታሞል ሕመም ማስታገሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያውን ሳይነካ ትኩሳቱን ብቻ ስለሚያወርድ ያዘናጋል። ከመዋጥዎ በፊት ሙቀትዎን ይለኩና ይመዝግቡ።

ፔኒሲሊንን በተመለከተ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሕፃናት ላይ የኒሞኮከስ ኢንፌክሽንን በ84 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስለመቀጠሉ ግን የየአገሩ መመሪያ ይለያያል፤ ዕድሜ ልክ ይወሰድ የሚሉም አሉ። በእኔ አስተያየት ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ወይም ከዚህ በፊት ከባድ የኒሞኮከስ ኢንፌክሽን የያዛቸው አዋቂዎች ሊወስዱት ይገባል፤ እርስዎ ከእነዚህ አንዷ ካልሆኑ ውሳኔውን ከሐኪምዎ ጋር ተመካከሩበት። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክትባትዎ ነው፤ በልጅነት የተወሰደ ክትባት ዕድሜ ልክ አይበቃምና። የኒሞኮከስ ክትባትዎ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሜኒንጎኮከስ ክትባት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ የኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በየዓመቱ ይሰጣል፤ ኢንፍሉዌንዛ ለባክቴሪያ የሳንባ ምች መንገድ ይከፍታልና።

በተደጋጋሚ ደም ተሰጥቶዎት በሰውነትዎ የተከማቸውን ብረት ለማስወገድ ዴፈሮክሳሚን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የርሲኒያ የተባለው ባክቴሪያ በዚህ መድኃኒት ስለሚጠናከር፣ ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር ሲመጣ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ሰዓት ይታዩ።