ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ፦ ለጀበና የሚሆን የእጅ ቡና መፍጫ

ወረኢሉ አካባቢ የምታስተምር አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ነገሩ ባጭሩ እንዲ ነው፦ እህቷ ከጂዳ ስትመለስ ትንሽዬ የእጅ ቡና መፍጫ አመጣችላት፣ ያቺ ቀጠን ያለች የብረት ጣሳ፣ ከላይ እጀታ ከውስጥ ነጭ የሴራሚክ ጥርስ ያላት። ተከራይታ ስለምትኖር ማታ ማታ ሙቀጫ መውቀጡ አከራዮቿን ይረብሻል፣ መብራትም እንደልብ አይደለም፣ ስለዚ መፍጫዋ ትልቅ ግልግል ሆናላት ነበር። ጥቂት ወራት ከሰራች በኋላ ግን እጀታው ከበደ፣ የሚወጣው ቡና ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ሆነ፣ ከስር ያለችው ማስተካከያ ዳዶ ደሞ እየፈጨች እያለ በራሷ ትላላለች። የሰፈር ጠጋኝ አይቶላት ነበር፣ ከሱ በኋላ ጭራሽ ባሰባት። አሁን አንድ ባልደረባዋ "እጀታውን አውጪና በድሪል አዙሪው" ብሏታል። ትዳናለች ወይ? ካልዳነች ምን አይነት ልግዛ? ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ድሪሉን ተይው። በእጅሽ ስታዞሪ በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ዙር ቢሆን ነው፣ ድሪል ግን ከ1,000 በላይ ይዞራል። አንዲት ጠጠር ጥርሱ መሀል የተሰነቀረች ዕለት ድሪሉ አይቆምልሽም፣ የሚዞረው የያዝሽው ጣሳ ነው፣ ከጣሳው ጋር ደሞ የእጅ አንጓሽ። ሴራሚኩም ይሰበርና ስባሪው ከቡናው ጋር አብሮ ይፈጫል፣ ያንን ነው እንግዲህ ቀድተሽ ለሰው የምትሰጪው። ድሪል አይሆንም፣ በቃ።

ወደ ችግሩ ስንመጣ፣ መልዕክትሽን እንዳነበብኩ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፦ ቡናውን ከምጣድ እንዳወረድሽው በትኩሱ ነው የምትፈጪው። አልጻፍሽውም፣ ግን እኛ ጋ ቡና ተቆልቶ ጭሱ ለሰው ከዞረ በኋላ እዛው በትኩሱ ሙቀጫ ውስጥ ይገለበጣል፣ ሙቀጫና ዘነዘና ደሞ ሙቀት ምናቸውም አይደለም። ከምጣድ የወረደ ቡና ግን 200 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚች ዕቃ ውስጥ ፔርኖዋን (እጀታውንና የውስጡን ጥርስ የምታገናኘውን ዘንግ) ይዞ የሚያቆማት ቦኮላ (ዘንጓ ውስጡ የምትዞርበት ቀለበት) ፕላስቲክ ነው፣ ትኩስ ቡና ሲፈስበት ይለሰልሳል፣ ለስልሶ እያለ አንቺ በኃይል ታዞሪዋለሽ፣ እንዲ እንዲ እያለ ቀዳዳው ክብነቱ ይቀርና ሞላላ ይሆናል። ጥርሱ ነው እንዳልል ሴራሚክ በጥቂት ወራት አይደነዝዝም፣ ተሸርፎ ካልሆነ በቀር። ስለዚ ግምቴ ቦኮላው ላይ ነው።

አረጋግጪው። እጀታውን አውጪና ፔርኖዋን በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ቀኝና ግራ ግፊያት። እጅ ላይ ለቅጽበት የምትሰማ ትንሽ ንቅናቄ የብዙዎቹ ጸባይ ናት፣ በዓይን የምትታይ ከሆነች ግን ቦኮላው አልቋል። ሌላም አለ፣ ባዶዋን አድርገሽ ዳዶዋን ጥርስና ጥርሱ ገና እስኪነካኩ አጥብቂና ጆሮሽ አጠገብ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ሽር የሚለው ድምፅ ዙሩን ሙሉ እኩል ከተሰማ ደህና ነው፣ ግማሽ ዙር ላይ ሽር ብሎ ግማሹ ላይ ጸጥ ካለ ፔርኖዋ ከመሀል ወጥታለች።

እዚ ጋር ትንሽ ታገሺኝ፣ ይሄን ሳላስረዳ አላልፍም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መፍጫ ሲገዛ የሚያየው ጥርሱን ነው፣ ቡናውን እኩል የሚያደርገው ግን የጥርሱ ስለት ብቻ ሳይሆን የፔርኖዋ መሀል ላይ መቆም ነው። የውጪው ቀለበት ቆሞ ይቀራል፣ የውስጡ ሾጣጣ ጥርስ ይዞራል፣ ቡናው ከላይ ሰፋ ባለው በኩል ገብቶ ይሰበርና እየወረደ፣ እየደቀቀ፣ መጨረሻ ላይ ባለችው ክፍተት ልክ ሆኖ ይወጣል። ሁሉን የምትወስነው ያቺ ክፍተት ናት። ዙሪያዋን 0.3 ሚሊሜትር አድርገሽ አስተካከልሽ እንበል። ፔርኖዋ ወደ አንድ ጎን 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ብትሸሽ፣ ያ ማለት ሁለት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ ያህል ነው፣ በሸሸችበት በኩል ክፍተቱ 0.1 ይሆናል፣ በተቃራኒው በኩል 0.5። አንድ መፍጫ ውስጥ በአንድ ጊዜ አምስት እጥፍ የሚለያይ ልኬት አለሽ ማለት ነው! ኩሽኔታው ያለቀ የባጃጅ ጎማ አይተሽ ከሆነ ልክ እንደሱ ነው፣ ጎማው አዲስ ቢሆንም እየተወላገደ ነው የሚሄደው።

እና ሰው ምን ያደርጋል፣ ክኩን ያይና ዳዶዋን ያጠብቃል። ክኩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን በጠባቡ በኩል ጥርስ ከጥርስ መፋተግ ይጀምራል፣ እጀታው ይከብዳል፣ ዱቄቱ ይብሳል፣ ሰውየው ደሞ ከበደኝ ብሎ ድሪል ይፈልጋል። ጀበና ላይ ሲደርስ ዱቄቱ መራራውን ቶሎ ይለቃል፣ ክኩ በተቃራኒው ውስጡ ያለውን ሳይሰጥ አተላ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚ አንድ ሲኒ ውስጥ መራራም ቀጭንም የሆነ ቡና ትጠጫለሽ። በጣም የላመው ዱቄት ደሞ ቶሎ አይዘቅጥም፣ ጀበናውን ብታሳርፊውም ከቡናው ጋር ይቀዳል፣ አፉ ላይ ጭራ ብትወትፊበትም ሾልኮ ያልፋል። አቦሉ ላይ ሲኒው ግርጌ ወፍራም ዝቃጭ ካየሽ ጀበናሽን አትውቀሺ።

ዳዶዋ በራሷ የምትላላው ግን በሌላ ምክንያት ነው፣ እሱ የጠጋኙ ስራ ነው። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ፔርኖዋ ላይ ጥቁር ነገር ይታያል፣ አጉልቼ ሳየው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ነው፣ ሞላዋ በነበረችበት ቦታ የገባ። ያቺ ቀጭን ሞላ የውስጡን ጥርስ ሁልጊዜ ወደ ዳዶዋ ገፍታ ነው የምትይዘው፣ ዳዶዋም በዛ ግፊት ተይዛ ነው ባለችበት የምትቆመው። ጎማ አንዴ ከተጨፈለቀ መልሶ አይገፋም፣ ስለዚ ዳዶዋ ልቅ ሆና ትቀራለች። ጎኑ ላይ ደሞ የመኪና ግራሶ ተለቅልቋል። የሚጠጣ ነገር በሚያልፍበት ዕቃ ላይ ግራሶ! ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ሙያ የሌለው ሰው "አላውቀውም" ብሎ ቢመልስልሽ ይሻል ነበር። እስክታጸጂው ድረስ በሷ የተፈጨ ቡና አትጠጪ፣ ለልጅም አትስጪ።

አፈታቱ ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ አንጥፊና ዳዶዋን ፈተሽ፣ ጥርሱን፣ ሮንዴላዋን፣ ያን ጎማ፣ ፔርኖዋን በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሪያቸውና በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሴራሚኩንና ፕላስቲኩን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቢ፣ ግራሶው እስኪለቅ ደጋግመሽ፣ ፔርኖዋን በአልኮል በነከርሽው ጨርቅ ጥረጊ። ሲደርቅ ጥርሱን ዙሪያውን በጥፍርሽ ዳሺው፣ ጥፍርሽ የሚይዝበት ሽርፍ ካለ ያ ጥርስ አይመለስም። ቦኮላው የተቀመጠበት አካል ከተሰነጠቀም እንደዛው፣ በሱፐር ግሉ ይያዛል የሚልሽን አትስሚ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ግን ትድናለች።

ቦኮላውን ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ነው የምታሰሪው። አሮጌውን ቦኮላ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ፔርኖዋንም አካሉንም ውሰጂ፣ ምክንያቱም አሮጌው ሞላላ ሆኗል፣ ከሱ ላይ የተለካ አዲስ ቦኮላ ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣል። በነጭ ቴፍሎን ወይ በናይለን ስራልኝ በይው፣ ፔርኖዋና ቀዳዳው መሀል 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይተው፣ በእጅ ስትዞር ያለ ችግር ትዙር ግን አትነቃነቅ። በናስ ልስራልሽ ቢልሽ እንቢ በይ፣ ለቶርኖ የሚመቸው ናስ አብዛኛው ውስጡ እርሳስ አለበት። ሞላዋ ደሞ የማትዝግ ትሁን፣ ስትጫኛት በቀላሉ የምትታጠፍ ስትለቂያት ሙሉ በሙሉ የምትመለስ። እጀታው ፔርኖዋ ላይ የሚገባበትን ቀዳዳም በዛው እይው፣ ርካሾቹ ላይ ከስስ ቆርቆሮ ስለሚሰሩት ማዕዘኑ ቶሎ ይበላና ይሾራል። ለዚች ለማትረባ ቁራጭ ብረት ሲሰስቱ ሙሉ ዕቃውን ያበላሹታል።

ልግዛ ካልሽ ደግሞ፣ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ፔርኖዋን ይዘሽ መነቅነቅ ነው። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ነቅንቂ። ላይና ታች ሁለት ኩሽኔታ ያላት ከሆነች አትወላገድም፣ እንደ ታይምሞር ሲ2 ያሉት 38 ሚሊሜትር የብረት ጥርስ ያላቸው በዚ ደህና ናቸው፣ ኮማንዳንቴ የመሳሰሉት ደሞ ከዛም በላይ ጥሩ ናቸው ግን ለጀበና ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግሽም። የብረት ጥርስ ፈጥኖ ይፈጫል፣ ውሃ ግን አይወድም። ሴራሚክ አይዝግም፣ ግን ብትወድቅብሽ ወይ ጠጠር ቢያገኘው ይሸረፋል። ጠጠር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ የገበያ ቡናችን ጠጠር አያጣውም፣ ስለዚ ሳትቆዪው በደንብ ልቀሚው፣ ከቆላሽው በኋላም አንዴ እይው። የቱርክ የእጅ መፍጫ ካገኘሽም ጥሩ ናት፣ ብቻ ለቱርክ ቡና ታስባ ስለተሰራች እጅግ ታልመዋለች፣ ለጀበና ላላ ማድረግ አለብሽ። መቀበያው ብርጭቆ የሆነውን አትግዢ፣ መምህር ሰው ቦርሳ ውስጥ ይዞ የሚሄደው ነው። እና አስቢበት፣ ትንሾቹ የሚይዙት ከ20 እስከ 30 ግራም ነው፣ ለሁለት ለሶስት ሲኒ። ጎረቤት ለተጠራበት ቡናማ ሙቀጫውን አውጪ፣ አከራዮችሽም አብረው ስለሚጠጡ ቅር አይላቸውም።

አጠቃቀም ላይ ዋናው ማቀዝቀዝ ነው። ቡናውን ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ እጅሽ ላይ ስትይዢው ሙቀት የማይሰማሽ እስኪሆን ጠብቂ፣ ጭሱን ለሰው አዙረሽ ሲኒውን እስክታጥቢ ይደርሳል። አቆላልሽንም እይው፣ ምጣድ ላይ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቀይ ሆኖ ከቀረ ቀዩ ጠንካራ ነው፣ እጀታው ያኔም ይከብድሻል፣ ይሄ የመፍጫው ጥፋት አይደለም፣ አለማማሰል ነው። ልኬቱን ለማግኘት ባዶዋን እስክትነካካ አጥብቂ፣ ከዛ በነጻ እስክትዞር መልሺያት፣ ከዛ ላይ ትንሽ ጨምረሽ አላሊና አንድ ማንኪያ ፈጭተሽ በጣትሽ እሺው፣ ከገበታ ጨው ላም ያለ ግን እንደ በርበሬ ዱቄት ጣት ላይ የማይለጠፍ ይሁን። ወረኢሉም ደሴም ደጋ ነው፣ ውሃው 91 ወይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚ ባቲ ካለ ሰው ይልቅ ትንሽ ብታልሚው ጣዕሙ በደንብ ይወጣልሻል። ቡና ሞልቶባት እያለ ዳዶዋን አታጥብቂ። ሄልና ቅርንፉድ አትፍጪባት፣ ሽታው ቦኮላው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ለነሱ ትንሽ ሙቀጫ ይኑርሽ። ከፈጨሽ በኋላ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊያት፣ በቃ። ከበደችኝ ያልሽ ቀን ደሞ ፍቺና እያት እንጂ ድሪል ያለው ሰው ጋ አትሂጂ፣ ከባድ የሆነችው የሆነ ነገር ስለያዛት ነው፣ ድሪል ያንን ነገር ሰብሮ ነው የሚያልፈው።

አዲሱ ቦኮላ ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን እፍኝ ቡና ፈጭተሽ ድፊው፣ የቶርኖ ፍቅፋቂና የተረፈ ግራሶ ካለ ከሱ ጋር ይወጣል። ከዛ ባዶዋን አድርገሽ ያን ሽር የሚለውን ድምፅ እንደገና አዳምጪ፣ አሁንም ግማሽ ዙር ላይ ብቻ ከሰማሽው ቦኮላው ዘንበል ብሎ ገብቷል ማለት ነው፣ በመዶሻ ሳትመቺ አውጥተሽ በቀጥታ መልሰሽ አስገቢው።