ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ሞክሩት

ሰላም ልጆች። ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ አንድ ልመና አለኝ። የሰራችሁትን አፕ ቦሌ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ በዋይፋይ ብቻ አትሞክሩት። ታክሲ ያዙና እኔ ወደምኖርበት ኮዬ ፈጬ ኑ።

እዚህ ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። መብራትም እንደዚያው። የብዙ ሰው ስልክ ደግሞ ያረጀ ነው፤ ሜሞሪው ከሞላ ቆይቷል። ታች ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘይትና ስኳር የምታስመጣው በስልክ ብር እየላከች ነው። አንድ ቀን «ላክ» የሚለውን ነካች። ምልክቷ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «አልተሳካም» አለ። ደግማ ነካች። ሁለቴ ተቆረጠባት። ብሩ እስኪመለስላት ስንት ቀን ተመላለሰች መሰላችሁ!

የሆነው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ክፍያውን ወደሚፈጽመው ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ደርሷል፣ ብሩም ተቆርጧል። መንገድ ላይ የቀረው መልሱ ነው። አፑ መልስ ሲያጣ «አልተሳካም» ብሎ ዋሸ። «ገና አልታወቀም፣ እያጣራሁ ነው» ቢል ኖሮ ጎረቤቴ ትጠብቅ ነበር።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ክፍያው ስልኩ ላይ ገና ሲዘጋጅ የማይደገም መለያ ቁጥር ስጡት። ደግማ ስትነካ ያው ቁጥር ይሂድ። ሰርቨሩ ቁጥሩን ሲያየው የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስላታል እንጂ እንደገና አይቆርጥም። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ፦ «ላክ» በተነካ ቁጥር አዲስ መለያ ያወጡለታል። ያኔ ዋጋ የለውም። ሁለቱ ትዕዛዞች እኩል ቢደርሱም አንዱን የሚያስቀረው መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ራሱ ይሁን። ለመሞከር «ላክ» እንዳላችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። በቃ።

መጋቢት 2016 ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አርብ ለቅዳሜ ሌሊት ሰዉ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሂሳቡ በላይ ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር እንደተያያዘ ተናገረ። ከተማው ብር ስላወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲያወራ ከረመ። እኔ ግን ያሰብኩት ያን ሌሊት ስልካቸው ስለጮኸባቸው ባለሙያዎች ነው። ስለዚህ፣ አፑ ላይ ያደረጋችሁትን ለውጥ ለተጠቃሚ ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ ቀድሞው መመለሻውን አዘጋጁ፤ መመለሻውንም ሞክሩት። አርብ ማታ ደግሞ ባትለቁ ደስ ይለኛል።

የእኛን የቀን አቆጣጠር ነገር ተዉት! 12 ወር ብቻ ያለው ፎርም ጳጉሜ የተወለደን ሰው ምን ያድርገው? ጳጉሜን አስገብቶ 5 ቀን ላይ የሚያቆምም አይቻለሁ። በ2015 ጳጉሜ 6 ነበረች፣ በ2019ም ትኖራለች። ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ የያዘን ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚቀሰቅስ ማስታወሻም አለ። «ኃይሉ»ን በ«ሃይሉ» ፈልጎ የሚያጣውን አልቆጥረውም።

አለቃችሁ «ጊዜ የለንም፣ ልቀቁት» ማለቱ አይቀርም። አትጨቃጨቁ። የደንበኞች ስልክ የሚነሳበት ክፍል ግማሽ ቀን ተቀመጡ። የትኛው ቅሬታ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ አንዱን ለመፍታትም ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ጻፉ። ወደ ብር ቀይሩትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።