የፍራንክሊን ወንበር

አኒሜሽን መሥራት ለምትፈልጉ ልጆች ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ የምነግራችሁ ስለ አንድ ወንበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የቻርሊ ብራውን፣ ያ የታወቀው የአሜሪካ ካርቱን ልጅ፣ የታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) ልዩ ዝግጅት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ልጆቹ ለምግብ ይቀርባሉ። ከጠረጴዛው በአንድ በኩል ጓደኞቹ ተደርድረዋል። በሌላው በኩል ፍራንክሊን ብቻውን፣ ታጣፊ የግቢ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመካከላቸው ጥቁሩ ልጅ እሱ ነው።

እኛ ቤት አንድ እንግዳ ለብቻው ከተቀመጠ እናቴ ወጡ ሳይወጣ "ጠጋ በሉለት እንጂ!" ትል ነበር። ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ድምጿ ይመጣብኛል።

ፍራንክሊን ወደዚያ ጠረጴዛ የመጣው እንዲሁ በቀላሉ አይደለም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በቀናት ውስጥ ሃሪየት ግሊክማን የተባለች የሎስ አንጀለስ መምህርት ቻርሊ ብራውንን በጋዜጣ ካርቱን ለሚሥለው ለቻርልስ ሹልዝ ደብዳቤ ጻፈች። ከልጆቹ ጋር ጥቁር ልጅ ይጨመር አለችው። ሹልዝ ሐሳቡን ቢወደውም ፈራ። ለጥቁሮች ችሮታ የሚያደርግ እንዳይመስል ሰጋ። እሷ ግን አልተወችውም፤ ጥቁር ወዳጆቿም እንዲጽፉለት አደረገች። በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ፍራንክሊን በጋዜጣው ካርቱን ላይ የቻርሊ ብራውንን ኳስ ይዞ ባሕር ዳር ብቅ አለ።

ታዲያ እንዲህ ተለፍቶበት የመጣ ልጅ እንዴት ብቻውን ተቀመጠ? ከክፋት ነው ብዬ አላምንም። ከዝግጅቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ቢል ሜሌንዴዝ ራሱ ሜክሲኮ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። ስለዚህ "እኔ ስደተኛ ነኝ፣ እኔ ጥቁር ነኝ፣ እኔ አልሳሳትም" አትበሉ። ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ዞራችሁ እዩት።

እኔም ተሳስቻለሁ። በአንድ የገና ዝግጅት ላይ ሥራው ሊያልቅ ሲል "ጥቁር ልጆችም ይኑሩ" ተባልን። ከሕዝቡ መካከል ሁለት ልጆች መረጥኩና ቀለማቸውን ቀየርኩ። ፊታቸው ያው፣ ፀጉራቸው ያው፣ ስም የላቸውም። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጽሑፉ አለ። ከዚያ ስቶሪቦርድ፣ ማለትም ታሪኩን በተራ የሚያሳይ ንድፍ ሥዕል፣ ይመጣል፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ማንን እንደሚያይ የሚወሰነው እዚያ ነው። ስቶሪቦርዱ ከጸደቀ በኋላ አንድ ወንበር ማዛወር ብዙ ሥዕል እንደገና መሥራት ስለሆነ ማንም እሺ አይላችሁም። ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ቀለም ክፍል ደርሳችሁ ከተከራከራችሁ ረፍዷል። ጽሑፉ የሚነበብበት ክፍል ግቡ። ካልጠሯችሁ ልግባ በሉ።

በ2024 ፍራንክሊን የራሱን ልዩ ዝግጅት አገኘ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሮብ አርምስትሮንግ ነው፤ ሹልዝ አስፈቅዶት "አርምስትሮንግ" የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ለፍራንክሊን የሰጠለት ጥቁር ካርቱኒስት። እዚያ ልጆቹ "ቦታ ይዘንልሃል" ብለው ወደ እነሱ በኩል ይጠሩታል። ሃምሳ ዓመት ፈጀ።

አሁን አሜሪካ ያደጋችሁ ልጆቻችን የእኛን ገና መሥራት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ነጠላ፣ ጀበና፣ ዶሮ ወጥ ደርድራችሁ ለፈረንጅ ማብራሪያ አትስጡ። ልጅ ማብራሪያ አያይም። አንዲት ልጅ ያዙ። ጃንዋሪ 7 ነው። የፈረንጁ እረፍት አልቆ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሌሊቱን ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ እጣን እጣን እየሸተተች ክፍል ገብታለች። እንቅልፏ መጥቷል። መምህሯ ለምን እንደሆነ ይጠይቋታል። ምን ትመልሳለች? አጠገቧስ ማን ተቀምጧል? እሱን ሥላችሁ አሳዩኝ።