መጻፍ ለጻፈው ሰው ምን ያተርፍለታል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

አዘውትሮ ስለመጻፍ የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለተጠራቀሙ ዛሬ ዓምዱን ለእነሱ ብቻ ሰጥቻለሁ። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ለራሳቸው ማስታወሻ የሚይዙ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የጻፉትን ለሌላ የሚያካፍሉ ናቸው። ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ «ምን አገኝበታለሁ?» ይላሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ጽሑፍ አንባቢ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የጻፈውን ሰው ይለውጠዋል። ብዙዎች የሚመኙት ዝናና ገንዘብ ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳል፤ ይኸኛው ጥቅም ግን ያላሰቡትም ያገኙታል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በየሳምንቱ ስለ ሙያዬ እየጻፍኩ ለሚፈልግ ሁሉ አካፍላለሁ። የሚያነቡኝ ግን ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ብቻ ናቸው። ባለቤቴ «ጊዜህን በከንቱ ታባክናለህ» ትለኛለች። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ አይተዉት። ጽሑፉ የሚሰጠውን ጥቅም በአንባቢ ብዛት ብቻ ከለኩት ለእርስዎ ያመጣው ነገር ሳይቆጠር ይቀራል።

ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። ዚፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሄሊኮፕተርና የመሳሰሉት እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል ያውቁ እንደሆነ ሰዎች ለራሳቸው ከ1 እስከ 7 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቁ። ቀጥለው አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አስጻፏቸውና እንደገና ነጥብ አሰጧቸው። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ወረደ። ሰዎቹ የሚያውቁ የመሰላቸውን ነገር ሊጽፉት ሲቀመጡ አጡት።

እስኪ እርስዎም በዚፕ ይሞክሩት። «የሚንሸራተተው ብረት ወደ ላይ ሲሳብ የግራና የቀኝ ጥርሶች ይያያዛሉ» ብለው ይጽፋሉ። ጥሩ። ለምን ይያያዛሉ? ያው ብረት ወደ ታች ሲሳብስ ለምን ይላቀቃሉ? እዚህ ላይ ብዕሩ ይቆማል። ተነሥተው የጃኬትዎን ዚፕ ወደ ብርሃን አስጠግተው ያዩታል። ብረቱ ውስጥ ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ ያለው መተላለፊያ አለ፤ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ደግሞ ትንሽ ሽብልቅ። ወደ ላይ ሲሄድ ጥርሶቹ ተጠጋግተው አንዱ በሌላው ክፍተት ይገባል፤ ሲመለስ ሽብልቁ መሐላቸው ገብቶ ይለያቸዋል። ዕድሜ ልክዎን ሲዘጉና ሲከፍቱት የኖሩትን ዕቃ ገና አሁን አዩት።

ስለ ፊውዝ ወይም ስለ ኧርዝ ሽቦ በጻፉ ቁጥር በዚሁ ፈተና ውስጥ እያለፉ ነው። እጅዎ የለመደውን ሥራ በቃል ለማስረዳት ይገደዳሉ። ዛሬ ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ሲያስረዱ ቃል እንደማያጥርዎ እገምታለሁ፤ ያ ከሁለት ዓመቱ ጽሑፍ የተገኘ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ቻርልስ ዳርዊን ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያጋጥመው ሳይውል ሳያድር ጽፎ ያስቀምጥ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር ከሚስማማው ይልቅ ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ አስተውሏል። እርስዎም ግምትዎን ያፈረሰ ብልሽት ሲያጋጥምዎ ቅድሚያ ሰጥተው ይጻፉት።

የባለቤትዎን ነገር ግን በዋዛ አይለፉት። የሚጽፉበት ሰዓት ከእሳቸውና ከቤተሰቡ ጊዜ የተወሰደ ከሆነ ሰዓቱን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ማስታወሻ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ኑሮ ምንም የሚጻፍ ነገር የለውም። ከቤት ክፍል፣ ከክፍል ቤት ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይኸንኑ ጻፊው። ዛሬ ተራ የመሰለሽ ቀን ወደፊት በጣም የምትፈልጊው እሱ እንደሚሆን በጥናት ጭምር ታይቷል። ቲንግ ዣንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ የኮሌጅ ተማሪዎችን በክረምት ዕረፍት መግቢያ ላይ ጥቃቅን ነገሮችን አስጽፈው አስቀመጡ፤ በቅርቡ ከሰው ጋር ያወሩትን፣ በዚያ ሰሞን ያዳምጡት የነበረውን ዘፈን፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ብቻ የሚገባቸውን ቀልድ። ከሦስት ወር በኋላ ይህን ለማንበብ ምን ያህል እንደሚጓጉም አስገመቷቸው። ጊዜው ሲደርስ ጉጉታቸውም ደስታቸውም ከገመቱት በለጠ። በሌላ ሙከራቸው ደግሞ የፍቅር ጓደኛ ያላቸው ሰዎች በቫለንታይን ቀንና በአንድ ተራ ቀን ያወሩትን ጻፉ። አሳንሰው የገመቱት በተለይ የተራውን ቀን ጨዋታ ነበር። ትልልቁን ቀን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንዳልን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስተዳደር ሹም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1660 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ከመንፈቅ ያህል የዕለት ውሎውን ጽፏል። በ1666 ለንደን በእሳት ስትጋይ እሱም በቦታው ነበር። እሳቱን ያለ እሱም የታሪክ መዛግብት ይነግሩናል። ሰውየው እሳቱ ወደ ቤቱ ሲቃረብ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይን ጠጁንና የፓርሜዛን አይቡን መቅበሩን ግን የምናውቀው እሱ ስለጻፈው ብቻ ነው። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያ የተደናገጠ ሰው ፊታችን የሚቆመው በአይቡ ምክንያት ነው።

ስለዚህ «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነበር» ብለሽ አትዝጊው፤ ከሦስት ወር በኋላ ምንም አይነግርሽም። አንድ የሰማሽውን ንግግር በተናገረው ሰው አፍ እንዳለ አስፍሪው። ማን የት ተቀምጦ ነበር? አንቺ ከመመለስሽ በፊት ምን አሰብሽ? ምን ልትይ ፈልገሽ ዋጥሽው? አራት አምስት መስመር ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነገር ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ማታ እንደምትጽፊ ስታውቂ ቀን ላይ ዐይንሽ ይነቃል። ታክሲ ውስጥ ጎንሽ የተቀመጠችው ሴት ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችበትን ቦታ ትሰሚያለሽ። መምህርሽ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ መነጽሩን እንደሚያወልቅ፣ ሌላው ሲጠየቅ ግን እንደማይነካው ታያለሽ። ኑሮሽ ያው ነው፤ በውስጡ የምታይው ግን ይበዛል። እኔ ለመጻፍ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ በደብተር ይሻላል በስልክ?

መልስ፦ በቅርብ ባገኙት። ስልክ ከመረጡ ግን ቅጂው ሌላ ቦታ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ ስልክ ሲጠፋ ዓመታት አብረው ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ዘመን ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት በቅነሳ ወጣሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። አንድ ወዳጄ «ጻፈው፤ ትድናለህ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። «ትድናለህ» የሚለውን ቃል እኔ አልደፍረውም፤ ይረዳሃል ብዬ ግን አምናለሁ። የዚህ ምርምር መነሻ ጄምስ ፔኒቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ነው። 46 ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ጻፉ። አንዳንዶቹ ስለማይረባ ጉዳይ፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር። የደረሰባቸውን ከነስሜቱ የጻፉት እንደጨረሱ ከሌሎቹ የባሰ ከፍቷቸው ነበር። በተከታዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አነሰ። በኋላ ጆአን ፍራታሮሊ 146 ጥናቶችን በ2006 አንድ ላይ ስትመረምር ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም መጠኑ ትንሽ መሆኑን አገኘች። ይህን የምነግርህ ተአምር ጠብቀህ እንዳታዝን ነው።

የአንተን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት እንደ አንተ ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎች ለአምስት ቀናት በቀን 20 ደቂቃ ስለ ቅነሳው የተሰማቸውን እንዲጽፉ ተደረገ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲታዩ ካልጻፉት ይልቅ ብዙዎቹ ሥራ አግኝተዋል። የሚገርመው ከሌሎቹ የበለጠ ማመልከቻ ማስገባታቸው አልነበረም። የኔ ግምት፣ ንዴቱን ወረቀት ላይ ያራገፈ ሰው ቀጣሪ ፊት ሲቀመጥ የድሮ አለቃውን ይዞ አይገባም። የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ እንደ ዋስትና አትውሰደው፤ ለመሞከር ግን በቂ ምክንያት ነው።

ስትጽፍ ለማንም አታሳይ፤ ለሆሄም ለሰዋስውም አትጨነቅ። «ምን ሆነ?» ከሚለው ላይ አትቁም፤ «ምን ተሰማኝ? ለምን?» እስከሚለው ድረስ ሂድ። በየቀኑ ያንኑ ምሬት በዚያው ቃል እየደገምክ ካገኘኸው፣ ወይም ስትጨርስ የሚሰማህ ክፋት በማግስቱም ካልለቀቀህ፣ ብዕሩን አስቀምጥና ወደ ባለሙያ ሂድ። የእንቅልፉን ነገርማ አሁኑኑ ለሐኪም ንገር።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት የጻፍኩትን ሳነብ ላብ ያሰምጠኛል። እንዴት እንዲህ አሰብኩ እላለሁ። ላቃጥለው ወይስ ላስተካክለው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ከፈለጉ ከሰው ዐይን ያርቁት፤ ግን አይንኩት።

ምክንያቴ ይኸውና። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። በማግስቱ ኡልሪክ ናይሰር የተባለ ተመራማሪ ወሬውን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ ተማሪዎቹን አስጻፈ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከእነሱ መካከል 44ቱን ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው። ሩብ ያህሉ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ሁሉ ተሳሳቱ፤ ብዙዎቹም እርግጠኛ ሆነው ነበር። በገዛ እጃቸው የጻፉት ወረቀት ሲሰጣቸው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ አልመለስ አለ።

አእምሯችን ያለፈውን በዛሬው ዕውቀታችን እያረመ ያስቀምጣል። የዚያን ጊዜ እርስዎ ምን ያስቡ እንደነበር የሚመሰክር ያ የሚያሳፍርዎ ወረቀት ብቻ ነው። ካስተካከሉት ምስክሩን አሳቱት ማለት ነው። ሐሳብዎ ከተለወጠ የዛሬውን ቀን ጽፈው ከሥሩ ይጨምሩ። ደግሞም ሲያነቡት ማፈርዎ ከዚያ ወዲህ ማደግዎን ያሳያል፤ ወረቀቱ ባይኖር ይህን ማወቂያ አልነበረዎትም።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ካልሆነ አይጠቅምም ይላሉ። ሁለት ወር አቋርጬ ነበር፤ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከዛሬ። ያለፈውን ሁለት ወር ለመሙላት አትሞክሪ፤ ብዙ ሰው የሚተወው ያ ዕዳ እየከበደው ነው። በሳምንት አንድ ቀንም ይበቃል።

ጥያቄ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ ጀምሯታል። እሷን ስለማስታመም የጻፍኩትን ለጥቂት ሰዎች አካፍዬ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ የማላውቃት ሴት ዘንድ ደረሰ። እሷም እናቷን እንዲሁ እንዳስታመመች፣ ማታ ማታ የሚመጣውን መረበሽ እንዴት እንዳለፈችው ጻፈችልኝ። ከዘመዶቼ ሁሉ እሷ ጠቀመችኝ። አሁን ሁለት ነገር ያሳስበኛል፦ ከማላውቀው ሰው ጋር እንዲህ መቀራረቤ ልክ ነው? ስለ እናቴ መጻፌስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ስለ መጀመሪያው አትገረሚ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹን የጠቆሟቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኟቸው ሰዎች ነበሩ። የቅርብ ዘመድ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚመጣው ከራቅ ካለ ሰው ነው። በማስታመምም ያው ይመስለኛል። ዘመዶችሽ ይወዱሻል፤ ያችን ሌሊት ግን አላለፏትም። ያቺ ሴት አልፋታለች፤ ጽሑፍሽ ባይኖር ደግሞ እንዴት ትገናኙ ነበር? መልሺላት። አድራሻ፣ ገንዘብና የቤት ጉዳይ ግን በደንብ እስክትተዋወቁ ይቆይ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ችግሩ የአንቺም የእናትሽም ነው፤ ገመናው ግን በአብዛኛው የእናትሽ ነው። ስለ ድካምሽ፣ ስለ ፍርሃትሽ፣ ስለ ንዴትሽም ጭምር እንደልብሽ ጻፊ። ስለ ሰውነቷና ሰው ፊት ስለሚያሳፍራት ነገር የጻፍሽው በግል ደብተርሽ ይቅር። በሽታው ገና ጅምር ስለሆነ እናትሽ ፈቃዷን ለመናገር ትችላለች። ደህና የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቀሽ ያካፈልሽውን አንብቢላት። «ይህ ይቅር» ያለችውን አውጪው። የማትከለክልሽ ከሆነ ደግሞ ስለ ልጅነቷ ጠይቂያትና በራሷ አነጋገር ጻፊላት፤ ይህን ነገ አትበይው።